የቀትር አዛን

ፊልም ሠሪዋ ዙኸይራ፣ ቱኒስ ውስጥ ባብ ሱዊቃ ሰፈር ካለው ስቱዲዮዋ ሰገነት ወድቃ ሞተች። የሕንፃው ዘበኛ ሚስት ጩኸቷን የሰማችው ቀትር ላይ፣ ልክ አዛን ሲደረግ ነው።

መርማሪ ረውዳ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሟቿ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ ውስጣቸው የግንብ ኖራ ሞልቷል።

«ራሷን የጣለች ሴት ጠርዙን እንዲህ አትቧጥጥም» አለች።

ዙኸይራ ሦስት ዓመት የለፋችው የፎስፌት ማዕድን ሠራተኞች ከዓመታት በፊት ያነሱትን አመፅ በዘጋቢ ፊልም ለመተረክ ነበር። ያን ቀን አብረዋት የነበሩት ሦስት ናቸው፦ የፊልሙ አቀናባሪ ነውፈል፣ የድምፅ ባለሙያው ሻዝሊና በአመፁ ልጃቸው የተገደለባቸው ሐጂ ተይብ።

«አምስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ» አለ ነውፈል። «ያለ መብራት ምን ይቀናበራል? ከሐጂ ጋር ምሳ ልንበላ ወጣን። ስንመለስ ሰው ተሰብስቧል...» ከኪሱ ካሴት አወጣ። «ትናንት ‹አደራ፣ ደብቅልኝ› ብላ ሰጠችኝ። አላዳመጥኩትም።»

ምግብ ቤቱ የሁለቱን ቃል አረጋገጠ።

ሻዝሊ ግን ሳይጠየቅ መቅጃውን ከፈተ። «እኔ እዚሁ ታች ገበያ ድምፅ ስቀዳ ነበርኩ። ስሚው!» የሻጮች ጫጫታ ተሰማ፤ ከዚያ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አስተጋባ። «ይኸው የቀትር አዛን። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?»

ረውዳ ወደ መስጊዱ ሄደች። በማግስቱ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዝሊ፣ ቅጂህ እውነተኛ ነው፤ ቀኑ ግን የትናንት አይደለም። መብራት የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሙአዚኑ ሚናራው ላይ ወጥቶ በባዶ ጉሮሮው ነው የተጣራው። ያንተ አዛን ድምፅ ማጉያ ከየት አመጣ?»

«የሌላ ቀን ከፍቼ ይሆናል... ሰው ይሳሳታል እኮ!»

«ይሳሳታል። እስቲ ይህን ደግሞ ስማ።»

ካሴቱን አስገባች። ፖሊስ በአመፁ ጊዜ በቀዳው የስልክ ንግግር፣ አንድ ወጣት የአድማ መሪዎቹን ስም ለፖሊስ ይዘረዝራል። አራተኛው ስም የሐጂ ልጅ ነው። ድምፁ የሻዝሊ ነበር።

«ፊልሙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከአንተ አፍ ልትሰማው ሰገነት ላይ ጠራችህ። አይደለም?»

ሻዝሊ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያኔ በአመፁ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ፖሊሶቹ ደብድበውኛል። አታስገቢው ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። እምቢ አለች፤ ገፈተርኳት።»

ሐጂ ተይብ ቀስ ብለው ተነሡ። «ሦስት ዓመት ቤቴ ኩስኩስ በላህ። ስለ ልጄ ሳወራ ማይክሮፎኑን ደረቴ ላይ የምትሰካው አንተ ነበርክ። እጅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም!»

ፖሊሶች ሻዝሊን ይዘው ወጡ።

ነውፈል በሹክሹክታ ጠየቀ፦ «ሐጂ፣ ፊልሙ ይቅር?»

ሽማግሌው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ለምን ይቀራል? ካሜራህን አምጣ። ‹ልጄን ማን እንደሸጠው አላህ ያውቃል› ስል ነበር የቀረጻችሁኝ። አሁን እኔም አውቄያለሁ።»