ከመጨረሻው ሥዕል ሥር

በሙት መንፈስ፣ በጥላ፣ ማታ ኮቴ ሰማሁ በሚሉት ወሬ ሁሉ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዛሬም ቢሆን አንዱ መጥቶ "ካሳ፣ እገሌ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታየ" ቢለኝ "ሂድና ተኛ" ነው የምለው፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፍልህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ሆኖ ስላየሁት ነው፣ ብታምን እመን ባታምንም የራስህ ጉዳይ።

መጻፌ ራሱ የሚገርማቸው አሉ፣ ይግረማቸው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እሱንም ኦስሎ፣ እሱንም አንድ ቢሮ ውስጥ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ባልዲ ደፍቼ ተቀምጬ። ከዚያ በፊት አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ስሸከም ነው ያደግኩት፣ ጆንያ ደግሞ አንብበኝ አይልም። ኖርዌይ ከገባሁ በኋላ ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ደብዳቤ ሲመጣ "መነጽሬን ረሳሁ" እያልኩ ሰው አስነብብ ነበር፣ መነጽር የሚባል ነገር ግን በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

ይሄን ውሸቴን ያወቀችው እትዬ ዘነቡ ነች። ቢየርቪካ፣ ዛሬ ኦፔራ ቤቱ የቆመበት ሰፈር፣ ገና ክሬንና ኮንቴይነር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ወደቡ አጠገብ አንድ ቢሮ አብረን እናጸዳ ነበር፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፣ እዚህ መጥታ እንደኔው መጥረጊያ ያዘች። አንድ ቀን የሳሙናውን ጠርሙስ ከሌላ ጋር አምታትቼ ወለሉን ሳበላሸው ጠርሙሱን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ "እስቲ አንብብልኝ" አለችኝ።

"መነጽሬን..." አልኩ።

"መነጽርህ ቀርቶ ዓይንህን እንኳ ብትረሳው ካንተ የተሻለ የሚያነብ ማየት የተሳነው ሰው አውቃለሁ። ነገ እርሳስ ይዘህ ና።"

በዚህ ተጀመረ። መማሪያ መጽሐፍ አልገዛችም፣ የሕፃናት መጽሐፍ ብሰጠው ይሸሻል ብላ ይመስለኛል፣ ልክ ነበረች፣ እሸሽ ነበር። ያመጣችልኝ ኮሚክ ነው፣ አሮጌ የኖርዌጂያኖች የሥዕል መጽሔት፣ ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡበት ገበያ፣ እነሱ ሎፔማርክድ ከሚሉት፣ በካርቶን ሙሉ እየገዛች። ታሪኩ የአንድ አፍንጫው ረጅም የመርከብ ወጥ ቤት ነው፣ ከወደብ ወደብ ይዞራል፣ በየወደቡ ይጣላል፣ በየወደቡ ይቅርታ ይጠይቃል። እትዬ ዘነቡ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ባለው ነጭ ጠርዝ ላይ ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ በእርሳስ ትጽፋለች፣ ግን ያሉትን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ካፒቴኑ አፉን ከፍቶ ሲቆጣ ካየች "ካሳ! ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ኮሪደር ድመት ነው የላሰችው?" ብላ ትጽፍበታለች፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ ቆጥሬ እዚያ ስደርስ ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ እየሳቅኩ እሰደባለሁ።

ሥርዓት ነበራት። የመጨረሻው ሥዕል ሥር ምንም አትጽፍም፣ እሱ የኔ ነው፣ ቤቴ ወስጄ ሰውዬው ምን እንደሚል ራሴ አስቤ እጽፋለሁ፣ በነጋታው ታየውና በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ራይት ወይ ኤክስ ታደርጋለች። ራይቷ ከማንም አይመሳሰልም፣ ከጅራቱ ሥር አንዲት ነጥብ ታስቀምጣለች፣ አስተማሪ ሳለች የለመደችው ነው። ስንት ደመወዝ የተቀበልኩ ሰው ነኝ፣ እንደዚያች ነጥብ ያስደሰተኝ የለም፣ ይሄን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? አንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ያገሬ ሰው ባለበት፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ አንዱን ጮክ ብዬ ሳነብ እትዬ ዘነቡ ደስ አላትና "እዩት! ይሄን በአርባ ሦስት ዓመቱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እርሳሱን እንደ መወልወያ እንጨት ነበር የሚይዘው!" አለች። አዳራሹ ሳቀ። ክፋት አልነበራትም፣ ኮርታብኝ ነው፣ ዛሬ ይገባኛል፣ ያን ቀን ግን ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ሥራዬን ወደ ሌላ ሰዓት አስቀየርኩ፣ ሰባት ወር ሙሉ ቃል አልተነፈስኳትም። ስትደውል አላነሳም። በኋላ ታመመች። አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ አንድ ኮሚክ በፌስታል ይዛልኝ መጣች፣ "እትዬ ዘነቡ ልካልህ ነው፣ የመጨረሻው ያንተ ነው በለው ብላለች" አለችኝ።

ገልጬ አየሁት። ወጥ ቤቱ ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጥሎ አንድ ቤት በር ላይ ቆሟል፣ አንዲት አሮጊት በሩን ከፍታለታለች፣ እሱ አፉን ከፍቷል። ከሥሩ ባዶ ነው።

አልጻፍኩም። ግትር ነኝ። ቫይትቬት ከምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ሁሉም ተከራይ የሽቦ በር ያላት ትንሽ ዕቃ ማስቀመጫ አለው፣ ቦድ እንላታለን፣ እዚያ ካርቶኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ወረወርኩት። እሷ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆምኩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባልህ። ኦፔራው በተከፈተ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ በአንድነት የሚያጸዳበት ቀን፣ ዱግናድ የሚሉት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቦዱን ባዶ አድርጉ ተባልን። ካርቶኔን ኮሪደር ላይ እንዳወጣሁት አንድ ሽማግሌ አጠገቡ በርከክ አለ። ኦድቫር ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር ነው፣ ላምበርትሴተር ነው የሚኖረው፣ እኛ ሕንፃ ያለችውን እህቱን ሊረዳ ነው የመጣው። ያንን የመጨረሻውን መጽሔት በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አወጣው፣ እመነኝ፣ ጽላት የነካ ነው የሚመስለው።

"ይሄን እትም በሃያ ዓመቴ ለብስክሌት ብዬ ሸጬዋለሁ" አለኝ። "ብስክሌቱ በሁለተኛው ክረምት ዝጎ ተጣለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አገኘሁት፣ ሽፋኑ ጥግ ላይ ተቀዷል ብዬ አለፍኩት፣ አሥራ አምስት ሜትር ሄጄ ስመለስ ተሽጧል። አሥራ አምስት ሜትር! ሚስቴ ስትፈታኝ እንኳ እንደዚያ አላዘንኩም።"

"ለወረቀት?" ብዬ ሳቅኩበት።

"አንተ የሸጥከው ነገር የለህም ማለት ነው" አለኝ። ገለጠና የእርሳሱን ጽሑፍ አየ። "ይሄ ምንድነው?"

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። አስተማሪዬ የጻፈችልኝ ነው ማለት ቀላል ነገር ነበር፣ የትራም ሾፌር ቢያውቅ ምን ይሆናል? ግን የአዳራሹ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ "ልጆች የሞነጫጨሩት ነው" አልኩ። ሰውዬው "ምንም አይደለም፣ እንዳለ እወስደዋለሁ" አለኝ፣ ሰማህ? እንዳለ! እኔ ነኝ "ናይ፣ አይሆንም፣ አጽድቼ ነው የምሰጥህ፣ ጽዳት ሥራዬ ነው" ያልኩት።

ማታውኑ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሙያዬ ነው፣ ያጸዳሁት ቦታ ላይ ሰው ነበረ አይባልም። ፍቅ ፍቅ ፍቅ፣ ከዚያ እፍ፣ ፍቅ ፍቅ ፍቅ፣ እፍ፣ የእትዬ ዘነቡ ፊደል ፍርፋሪ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ፣ በእጄ ጠርጌ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። የመጨረሻውን ገጽ በመብራት አጋድሜ አየሁት፣ ባዶ ነበር፣ ይሄን ልብ በል፣ ፈጽሞ ባዶ ነበር። በነጋታው ኦድቫር ገንዘቡን ከፍሎኝ ወሰደው።

ኅዳር ላይ በረዶ ሲጥል ወፍራም ጫማዬን ላመጣ ወደ ቦድ ወረድኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፣ ግን አገሩን ታውቀዋለህ፣ ጨልሟል። የምድር ቤቱ መብራት ቁልፉን ስትጫነው ለጥቂት ደቂቃ በርቶ ራሱ የሚጠፋ ዓይነት ነው፣ ጫማዬን ስፈልግ ጠፋ። ቁልፉ ጋ በዳበሳ ስሄድ ሰማሁት።

ፍቅ ፍቅ ፍቅ። ዝም። ከዚያ እፍ።

አይጥ አልኩ። አይጥ ይፍቃል፣ ያ፣ አዎን፣ አይጥ ግን እፍ አይልም። መብራቱን ሳበራው ጸጥ አለ፣ ካርቶኑ የነበረበት መደርደሪያ ላይ ግራጫ ፍርፋሪ አለ፣ በጣቴ አሸሁት፣ የላጲስ ፍርፋሪ ነው፣ ላጲስ ደግሞ ወደዚያ አውርጄ አላውቅም። ጠረግኩት። በሁለተኛው ቀን ወርጄ አየሁ፣ አለ። ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን የቦዴን ቁልፍ ቀየርኩ፣ በአራተኛው ቀን ስወርድ ፍርፋሪው በፊት ከነበረው በዝቶ ጠበቀኝ። የሚቀልድብኝ ጎረቤት ነው ብዬ ለሁለት ሳምንት ሰው ሁሉ ላይ ፊቴን አጠቆርኩ፣ እሱስ ድሮም ነጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ኦድቫር ደወለ። ሰላምታም አልነበረው።

"አጽድቻለሁ አላልከኝም?"

"ያ፣ አጽድቻለሁ።"

"የመጨረሻው ገጽ ላይስ ያለው ምንድነው? ስገዛው አልነበረም፣ በማጉያ መነጽር ነው ያየሁት። ፕላስቲክ ውስጥ አሽጌ መሳቢያ ቆልፌበት ነበር።"

በቲባነ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ላምበርትሴተር ሄድኩ። ኦድቫር ጓንት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሌላው ገጽ እንዳጸዳሁት ነው፣ የእሷ አንዲት ፊደል የለችም። በሩ ላይ ከቆመው ሰውዬ ሥር ግን በእርሳስ የተጻፈ አለ፣ ፊደሉ ወደ ኋላ የጋደለ፣ እርሳሱ ከመጠን በላይ ከመጫኑ የተነሳ ወረቀቱን ወደ ጀርባው ያሳበጠ። እንደዚያ የሚጽፍ ሰው አንድ ነው የማውቀው። እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ። ልግባ?" ይላል።

ቃሉንም አውቀዋለሁ። ታማ የተኛችበት ሆስፒታል በር ድረስ ሄጄ የተመለስኩ ቀን በሆዴ ይዤው የዞርኩት ነው፣ መሄዴን ለማንም አልተናገርኩም፣ ወረቀት ላይ አላሰፈርኩም።

"ምን ይላል?" አለ ኦድቫር።

"አንተ ነህ የጻፍከው?" አልኩት፣ ጥያቄው ጅል መሆኑን እያወቅኩ።

"እኔ ያንተን ፊደል የት አውቄ? ስማ፣ ውሰደው። ገንዘቡንም አትመልስልኝ። አርባ ዓመት ፈልጌዋለሁ፣ አሁን ግን ሌሊት መሳቢያውን ማየት አልቻልኩም፣ ውሰድልኝ።"

በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋልኝ። ፈርቻለሁ፣ ስፈራ ደግሞ ባለጌ ነኝ። "ናይ፣ ገዝተሃል፣ የራስህ ነው፣ ላጲስ ግዛ" አልኩትና ኮቴን ሳልቆልፍ ወጣሁ።

ባቡሩ ውስጥ ነው ነገሩ የመጣብኝ። የቀኙን ጥግ አላየሁም። ጽሑፉን አይቼ ደንግጬ ቀና አልኩ እንጂ እሷ ሁልጊዜ ራይት ወይ ኤክስ የምታደርግበትን ቦታ አላየሁም። የሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ መመለስ ነበረብኝ፣ አንተ ብትሆን ትመለስ ነበር፣ እኔ ግን ከዘለፍኩት ሰው በር ላይ ዳግም ቆሜ ልግባ ማለት አቃተኝ። ዘጠኝ ቀን አቃተኝ። በአሥረኛው ቀን ስደውል ኦድቫር ሸጦታል፣ የአሮጌ ኮሚክ ሰብሳቢዎች ገበያ ላይ፣ ስሙን ላልጠየቀው ሰው፣ ከበርገን የመጣ ይመስለኛል አለ።

"ጥጉ ላይ ምልክት ነበረ?" አልኩት። "በቀኝ በኩል። ከሥሩ ነጥብ ያለው?"

"የሆነ ነገር ነበረ" አለ። "ወይ ደግሞ ዝገት ነው፣ የስቴፕለሩ። አላስታውስም። ይኸው ሁለቴ ሸጥኩት፣ ካሳ። ሁለቴ።"

አሁን በየጸደዩና በየመኸሩ፣ ሎፔማርክድ ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ እሄዳለሁ። አሮጌ ኮሚክ ሳይ ሽፋኑን አላይም፣ ከኋላ ነው የምገልጠው፣ ሻጮቹ "ትገዛለህ ወይስ ታሻሻለህ?" እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ። የማን ጽሑፍ ነው የሚለውን መጠየቅ ትቻለሁ፣ የፈለገው ይጻፈው፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው መታረሙን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወፍራም ጫማዬን ላመጣ ወደ ቦዱ ወረድኩ። ፍርፋሪ የለም። መብራቱ ሲጠፋ አልነካሁትም፣ ቆምኩ። ድምፁ መጣ፣ ግን የላጲስ አልነበረም፣ የእርሳስ ነው፣ ወረቀት ላይ በቀስታ የሚሄድ እርሳስ፣ ከመደርደሪያው በኩል።

"እትዬ" አልኩ፣ የገዛ ድምፄ አስጠላኝ፣ "ራይት ነው ኤክስ?"

እርሳሱ ቆመ። እኔም ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆምኩ፣ አልተጫንኩትም፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ፣ ከጆሮዬ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሰው እፍ አለ።

ሳላበራ ወጣሁ። ጫማዬ እስካሁን እዚያው ነው።