ያልተቀመሰው ዓሣ

ሐጅ ሽረይፍ አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ጀለቢያቸው ከዓባይ የወጣ መረብ ይመስል ነበር፤ ላባቸው ፍራሹን ሳይቀር አርሶታል። ልጃቸው ተማዱር አልጮኸችም። ቀኝ እጇን እያየች ደርቃ ቀረች። ጠዋት የስኳር በሽታቸውን መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑን፣ የወጋቻቸው በዚያ እጅ ነው።

በኦምዱርማን የጀልባ ሠሪዎች ሰፈር፣ ሬሳው ሳይነሳ ወሬው ተነሳ። «ልጅቱ መድኃኒት አብዝታባቸው ነው» ተባለ።

መርማሪዋ ሻምበል ዓዋድያ ቀትር ላይ ደረሰች። አስከሬኑን አየች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየች፤ ራስጌው ላይ ጠብታ ውኃ በሌለበት ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጡትን የሐጅን ሰው ሠራሽ ጥርሶች ደግሞ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ተማዱርን ማድቤት ወሰደቻት።

«ስንት ወጋሻቸው?»

«የሁልጊዜውን። እዚሁ ሞልቼ ነው የገባሁት፤ ጠብታ አልጨመርኩም።»

«በልተው ነበር?»

«አዎ። ዓሣ ጠበስኩ፤ ባሌ ባቢክር አስገባላቸው። አጥንት ብቻ የቀረበት ሳህን ይዞ ወጣና ‹ሁሉንም ጨርሰዋል፣ ውጊያቸው› አለኝ።»

«ሲበሉ አየሽ?»

ተማዱር አንገቷን ደፋች። «እንዴት አድርጌ! ሐኪም ጾም ከከለከላቸው ወዲህ በረመዳን መብላት ያሳፍራቸዋል። መጋረጃ ጋርደው ነው የሚበሉት። እስኪጨርሱ ከባቢክር በቀር ማንም አይገባም።»

መጥበሻው ላይ አንድ ዓሣ ተርፏል። «ጣፍጦልሽ ነበር?» አለች ሻምበል።

«ጾመኛ አይደለሁ? ምኑን ቀመስኩት!»

መድኃኒት ቤት ያለው የተማዱር የአጎት ልጅ ኸድር በር ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። «ሐጅ ‹መርፌህ ከወባ ትንኝ ይሻላል፣ ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አይዘፍንም› ይሉኝ ነበር» አለና በእንባው መሃል ሳቀ። «ብልቃጡን አይቼዋለሁ ሻምበል። የጎደለው ልክ ነው። ልጅቱን ይተዉአት!»

ባቢክር ግቢው ውስጥ ተሠርቶ ካለቀ ጀልባ ጥላ ሥር ነበር። «ስኳራቸው ወጥቶ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምግብ ላይ ጨካኝ ነበሩ። ያ ዓሣ ጨው ብቻ ሆኖ እንኳ አጥንቱን ነው የመለሱልኝ።»

«አንተስ ትጾማለህ?»

«እኔ? ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም!»

ዓዋድያ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላ አልጠየቀችውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እንደ ሰፈሩ ልማድ፣ ምንጣፍ መንገዱ ላይ ተነጠፈ። ለቅሶ ቢሆንም መንገደኛ ሳያፈጥር አያልፍም። አዛን ተባለ። ሁሉም በተምርና በውኃ ጾሙን ከፈታ በኋላ ዓዋድያ የተረፈውን ዓሣ ተማዱር ፊት አስቀመጠች።

«አሁን ቅመሺው።»

ተማዱር ቆርሳ ጎረሰች፤ ወዲያው ተፋችው። «ውይ! ሁለቴ ጨው ነስንሼበታለሁ!»

«ስሙኝ እንግዲህ» አለች ሻምበል። «ስኳር ሲወጣ ሰው ይጠማዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፤ በአንድ ጠዋት እንዲህ በላብ አጥምቆ አይገድልም። ይህ የስኳር መውደቅ ነው። ለምን ይወድቃል ኸድር?»

ኸድር ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንበላ ቆሽታችን ኢንሱሊን ይለቃል፤ ስኳሩን ከደም ወስዶ ለሰውነት ያድላል፣ የተረፈውን ጉበት ውስጥ ያስቀምጣል። ስንጾም ኢንሱሊኑ ይቀንስና ሌላ ሆርሞን ተነስቶ ጉበትን ‹ካስቀመጥከው አውጣ› ይለዋል። ዛሬ ሁላችንም የዋልነው በዚያ ነው። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን መጾምህን አያውቅም፤ ያገኘውን ይጠርጋል። የሐጅ ቆሽት ደግሞ ከደከመ ቆይቷል፤ ጉበቱን የሚቀሰቅስ አልነበረውም።»

«መድኃኒቱ ልክ ከነበረ፣ የጎደለው ምግቡ ነው ማለት ነው። ሐጅ ዛሬ ተደብቀው ጾመዋል። ባቢክር፣ የዓሣውን ጨው ቀትር ላይ ነገርከኝ። የጠበሰችው እንኳ ገና አሁን ማወቋ ነው።»

«እሳቸው ነገሩኝ! እያኘኩ…»

«በየትኛው ጥርስ?»

ተማዱር ብድግ አለች። «የሌሊቱን ውኃ ጎህ ሲቀድ ይደፉታል፤ ጥርሳቸውን በልተው ሲያበቁ ነው እንደገና ውኃ ሞልተው የሚዘፈዝፉት! ብርጭቆው ደረቅ ነው!»

«ዓሣውን ከመጋረጃው ጀርባ የበላኸው አንተ ነህ» አለች ዓዋድያ።

«ባይበሉ እንዳይወጉ ብዬ ነግሬህ ነበር!» ኸድር ጮኸ። «በዚህ ጆሮህ!»

ባቢክር ምንጣፉን እያየ ተናገረ። «‹የዛሬን ብቻ ልጹም፤ ትንሽ በልተዋል በላትና ትንሽ ትውጋኝ› አሉኝ። እኔ ግን ‹ሁሉንም ጨርሰዋል› አልኳት። ክንዳቸውን አምነው ነው የሰጧት።»

«ምን አድርገውህ?» አለች ተማዱር።

«ኮስቲ ከተማ ሌላ ሚስት አለችኝ። ሐጅ ደረሱበት። ‹እስከ ዒድ ለልጄ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ።»

ዓዋድያ ወደ ሰፈርተኛው ዞረች። «ጠዋት ያወራችሁ ሁሉ አሁንም አውሩ! ይህች ልጅ አባቷን አልገደለችም። ባሏን አመነች እንጂ።»

ማንም ቀና አላለም። ከሻምበል ጋር የመጡት ፖሊሶች ባቢክርን ሲያነሱት ተማዱር ተጠጋችው።

«ለእሷስ እኔ መኖሬን ነግረሃታል?»

ባቢክር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«አልነገርካትም።» ወደ ዓዋድያ ዞረች። «ሻምበል፣ እባክሽ ኮስቲ ሰው ላኪ። ያቺ ሴት ከመንገደኛ አፍ አትስማው።»