የሰመጠው ወንበዴ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1962፣ በኅዳር ወር በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ሲኒማ ቤት ደጃፍ ግሌኒስ ፖኮክ፣ የክፍል ጓደኛዋ ቤሪልና በር ጠባቂው ሚስተር ትራንተር ነበሩ። አስፈሪ ፊልም ስለሆነ ዕድሜው ከአሥራ ስድስት በታች የሆነ አይገባም።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለ ሚስተር ትራንተር፣ የግሌኒስን ቀይ ከንፈር እያየ።

«አሥራ ሰባት!» ቤሪል ቀደመቻት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ ለፍላፊ?»

ግሌኒስ የከንፈር ቀለሟን በመዳፏ ጠረገችው። «አሥራ አምስት ነው። ግን አባዬ ፊልሙ ውስጥ አለ።»

ሚስተር ትራንተር የአባቷን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ዞር ብሎ ዝናቡን ማየት ጀመረ። ልጆቹ ገቡ።

አባቷ ግንበኛ ነበር። ባለፈው ዓመት ፊልም ሠሪዎች መጥተው የመንደሩን ወንዶች የባሕር ወንበዴ አስመስለው ረግረግ ነው ብለው አሸዋ የሚወጣበት ኩሬ ውስጥ ከተቷቸው። ለእሱ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ደረሰችው፤ ጢሙን ሲላጭ ሳይቀር ይለማመዳት ነበር። በዚህ ዓመት በሚያዝያ ሞተ። ፎቶው ቤት አለ፤ ድምፁ ግን የትም የለም። እናቷ ጠዋት «እኔ አልችልም። አንቺ ሰምተሽው ንገሪኝ» ብላታለች።

ፊልሙ ላይ ጭቃው የአባቷ አገጭ ላይ ሲደርስ ግሌኒስ ጆሮዋን አቀናች። አባቷ አፉን ከፈተ።

«እጅህን ስጠኝ፣ ካፒቴን!»

ቀጭን፣ የለንደን ሰው ድምፅ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ወጣቶች ሳቁ። «ሰውዬው ሾርባ ውስጥ ገባ!»

«አባትሽ እንዲህ ነበር እንዴ የሚያወራው?» አለች ቤሪል።

ሚስተር ትራንተር ባትሪውን ይዞ አጠገባቸው ጎንበስ አለ። «ሜዳ ላይ ሲቀርጹ ነፋሱ ንግግሩን ይበላዋል። ኋላ በሌላ ሰው ድምፅ ይተኩታል። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

ፊልሙ አልቆ፣ እዚያ እንደተለመደው፣ ቁጭ ብሎ ለሚቆይ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። ቤሪል ኮቷን አነሣች። «በቃ፣ አይተነዋል። ለእናትሽ ‹የራሱ ድምፅ ነው› በያት። በምን ታውቃለች?»

«አንቺ ሂጂ።»

አባቷ ረግረጉ ውስጥ የሚሰምጥበት ቦታ ሲመጣ ግሌኒስ ጆሮዎቿን በጣቶቿ ደፈነች። የአባቷ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ድንች ትልጥ ነበር። ቀና ሳትል «ሰማሽው?» አለች።

«አየሁት፣ እማዬ። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው።»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ያን ቀን እራት አልተሠራም።