ጥቁሯ ጎሚኒ

«እኔ ቡታጋዝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገጥመው» አለች ብሩክታይት፣ የክብሪቱን ቀፎ በአንድ እጇ እየወረወረች እየቀለበች።

ሰሚዎቿ ሁለት ነበሩ። አንዷ የክፍሏ ልጅ ሶፊ ናት፤ ስምንተኛ ክፍልን ሙሉ በብሩክታይት ቀልድ እየሳቀች የጨረሰች። ሌላዋ የአክስቷ ልጅ ቦሼ፣ ሶዶ ትማር ተብላ ከበዴሳ ገጠር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ቦሼ በእንጨት እያበሰለች ስላደገች ቡታጋዙን እንደ እባብ በሩቁ ነበር የምታየው።

ሲሊንደሩ ተሞልቶ የመጣው ያን ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ባለሱቁ ለገሰ ራሱ መጥቶ ይገጥመዋል፤ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀባና አረፋው አለመነፋቱን ሳያይ ክብሪት አያስነካም። ብሩክታይት ግን ለገሰን መጠበቅ የአሮጊት ሥራ ነው ብላ፣ ሶፊ ከመምጣቷ በፊት ራሷ ገጠመችው። ስትጨርስ ወለሉ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቀለበት አገኘች። ጋዙ እንዳይሾልክ የምትይዘው ጎሚኒ ነበረች። መልሶ መፍታት ታከታት። ምድጃውን ሞከረችው፤ በራ። ስለዚህ ጎሚኒዋን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ይሸታል» አለች ቦሼ በቀስታ። «የተበላሸ እንቁላል ይሸታል ጋዙ።»

ሽታው ለብሩክታይትም ደርሷት ነበር። ግን ሶፊ ፊት መፍቻ አንስቶ መንበርከክ ማለት ሰኞ የክፍሉ መሳቂያ መሆን ማለት ነው።

«ጋዙ አይደለም የሚሸተው፣ አንቺ ነሽ» አለቻት። «የበዴሳን በረት ለብሰሽ መጥተሽ።»

ሶፊ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቦሼ ግን ግቢ ወጥታ ቧንቧው ሥር ተንበረከከችና ፀጉሯን ሳይቀር በልብስ ሳሙና ታጠበች። ብሩክታይት በኩሽናው መስኮት ብቅ ብላ ጨምሪበት አለቻትና መስኮቱን ዘጋችው።

ሶፊ ሄደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የብሩክታይት እናት ንግሥቲ ከሥራ ገባችና ቦሼን ድንች ጣጂ ብላ አዘዘቻት። ቦሼ የኩሽናው በር ላይ ቆማ አሸተተች። ከዚያ የራሷን ክንድ አሸተተች። ክብሪቱን ጫረች።

እሳቱ የተነሳው ከምድጃው ሳይሆን ከሲሊንደሩ በኩል ነው። ቅንድቧንና ሽፋሽፍቷን ወሰደው፤ ክብሪት የያዘችበትን እጅ እስከ ክርኗ ላጠው። ንግሥቲ እርጥብ ብርድ ልብስ ጥላ ሲሊንደሩን ዘጋችው። ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ «ፀጉሯ እርጥብ ባይሆን ኖሮ» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

ንግሥቲ ስትናደድ ወደ ወላይትኛ ነው የምትሻገረው፤ ያን ቀን አንድም የአማርኛ ቃል አልወጣትም። ሲሊንደሩን እንደ ወትሮው ለገሰ የገጠመው መስሏታል። ቤቱ ሊነድ ነበር። ጋዝ የማታውቅ ልጅ አደራ መቀበሏ የራሷ ጥፋት ነው። ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ እናቷ። ትምህርቱስ? ትምህርት ለሚያስተውል ነው። ቦሼ የተጠቀለለ እጇን ታቅፋ ሰማች። ስለ ሽታው አልተናገረችም። ብሩክታይትም አልተናገረችም። ቅዳሜ ሶፊ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት እንዲያውም ትከሻዋን ሰብቃ፣ ገጠሬና ጋዝ መቼ ይዋደዳሉ አለቻት። ሶፊ እንደ ልማዷ ሳቀች።

እሑድ ከቸርች መልስ ምሳ ቀረበ። የቦሼ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ደብተሮቿ ከላዩ ተጭነው፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቦሼ በግራ እጇ ማንኪያ መያዝ እየተለማመደች ነው።

«ብሩኬ፣ ለመንገዷ ጸልዪላት» አለች ንግሥቲ።

ብሩክታይት ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ» አለች። እጇን ሹራቧ ኪስ ከትታ ነበርና ጣቷ ጎሚኒዋን አገኛት። «ጌታ ሆይ» አለች ደግማ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነገር የለም። ዓይኗን ስትገልጥ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቋታል፤ ቦሼም ጭምር።

ጎሚኒዋን አውጥታ የጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ እማ። ይቺ ወድቃ ቀርታ ነበር። አውቄያለሁ። ሽታውም ደርሶኝ ነበር።»

ንግሥቲ ጎሚኒዋን በሁለት ጣቷ አንስታ አየቻት። አልጮኸችም። ተነሥታ ፌስታሉንና ደብተሮቹን ወደ መኝታ ክፍል መለሰቻቸው። ልጇን አላየቻትም።

ብሩክታይት ከምሳ በኋላ ሳህኖቹን ይዛ ቧንቧው ጋ ወጣች። ቦሼ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ብሩክታይትን ቀለል ብሏታል፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ይሰማት ጀምሯል።

«ይኸው አትሄጂም» አለቻት። «እማ እንዴት እንደምትገርፍ ታውቂያለሽ። እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም?»

ቦሼ ቅንድብ የሌለው ፊቷን ቀና አደረገች።

«ለየቱ? ላቃጠልሽኝ ነው፣ ወይስ ሁለት ቀን ዝም ላልሽው?»