ሰማያዊዋን ማን ተጫናት?

ወፍጮው ሥር የተዘረጋው ሬሳ የኦሼክ ነው፤ የጥምጣሙ ጫፍ ገና ሞተሩን ከወፍጮው ከሚያገናኘው ቺንጋ አልተፈታም። መርማሪዋ መቶ አለቃ ኢኽላስ ስትደርስ የከሰላ ከተማ ሰው ፍርዱን ጨርሷል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከሟች ጋር የነበረው የሥራ ባልደረባው አዳሮብ ብቻ ነው፤ በግመል እሽቅድምድም ከተጣሉ ወዲህ ደግሞ ሰላምታም አልነበራቸውም። የሟች ወንድሞች ሰይፍ ታጥቀው በር ላይ ቆመዋል። መቶ አለቃዋ የአዳሮብን ስም ከጠራች ሽማግሌ የሚሰማ የለም።

ሞተሩ ሲጨናነቅ ግድግዳው ላይ ያለችው ኦቨርሎድ የምትባል መከላከያ ትሞቅና ኃይል ትቆርጣለች። ከበረደች በኋላ ሰማያዊ ቁልፏን የተጫነ ሰው ሞተሩን ያስነሳዋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ካልተጫኗት አይነሳም ብለው ዋናውን ማብሪያ ሳያጠፉ ቺንጋ ማጽዳት ለምደዋል። ማጥፊያው ሩቅ ነው፤ ልማድ ግን እጅ ሥር ነው።

«ተጫንካት?» አለችው አዳሮብን።

«ጆንያ እየሰፋሁ ነበር። ደግሞስ ኦሼክን ብገድል ከማን ጋር ልጣላ ነው፣ መቶ አለቃ?»

ኦቨርሎዷን የገጠመው ሙኒር ልኳን ሞተሩ ላይ ከተጻፈው አምፔር ጋር ማመሳሰሉን ምሎ ተናገረ። «በእጅ ብቻ እንድትመለስ አድርጌ ነው የሄድኩት። ሰው የሚይዝ ቺንጋ ያለው ሞተር በራሱ መነሳት የለበትም።»

ኢኽላስ የኦቨርሎዷን ሣጥን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። ቀጥላ ማሽላዋን ልታስፈጭ የመጣችውን ሃጃ ነፊሳን ጠየቀቻት። ወፍጮው ሲቆም ልትሄድ ብትነሳ የወፍጮው ባለቤት ሃጅ ባበክር፣ አሁን ይነሳል ተቀመጪ ብለዋት ነበር።

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ ‹ኦሼክ፣ ሰማያዊዋን!› ሲሉ ተራራው ይሰማቸዋል። ዛሬ ጉሮሯቸው አርፏል።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ኢኽላስ ሁሉንም ከግድግዳው ዳር፣ ከቁልፏ ርቀው አቆመቻቸው። ሙኒር ኦቨርሎዷ ቶሎ እንድትቆርጥ ልኳን ዝቅ አደረገ። ሞተሩ ዞረ፤ ቆመ። ጠበቁ። የሟች ታላቅ ወንድም ትዕግሥቱ አልቆ፣ ወንድሙ የወደቀበትን ሊያይ ወደ ቺንጋው ተራመደ።

«አትጠጋ ልጄ!»

ሃጅ ባበክር ዘለው ክንዱን ጎተቱት። ወዲያው ሞተሩ ማንም ሳይነካው ተነሳ።

ኢኽላስ ዋናውን ማብሪያ አጠፋች። «ሰማያዊዋን የተጫናት የለም» አለች። «ሣጥኗ ውስጥ ያለችው ጠቋሚ ‹በራሷ ትመለስ› ወደሚለው ዞራለች። ያዞራት ደግሞ ዛሬ መጮህ ያላስፈለገው ሰው ነው። ኦሼክ ጩኸቱን ስላልሰማ ሞተሩ አይነሳም ብሎ እጁን ሰደደ።»

ወንድምየው ክንዱን ከሃጁ እጅ አላስለቀቀም። «ነግረኸው ነበር?»

ሃጅ ባበክር መሬት መሬት አዩ።

«ትናንት ማታ ነው ያዞርኳት፤ መጮህ ሰልችቶኝ። ጠዋት ልነግረው ነበር። ገበያተኛው በዛና . . . ማታ እነግረዋለሁ አልኩ።»