ከታንከሩ ጀርባ

ሌንጮ ነቀምቴ ውስጥ ካልተጠናቀቀ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወድቆ በሞተ ማግስት፣ ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «ራሱን ወርውሮ ነው» ተባለ። ወሬ መቼ ማስረጃ ጠይቆ ያውቃል። ሚስቱ ኬኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ኢንስፔክተር ድርቤ ለቅሶ ቤት ስትገባ ኬኔ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አዴ ድርቤ፣ ጥሎኝ ነው የሄደው?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ሳላውቅ ደግሞ አላጽናናሽም።»

ድርቤ ሰው መሸንገል አይሆንላትም። ወጥታ በቀጥታ ወደ ፎቁ ሄደች።

የሌንጮ ሥራ ታይምላፕስ ነበር፤ ካሜራው በየአሥር ሰከንዱ አንድ ፎቶ እያነሳ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ጉም በግማሽ ደቂቃ ሲበተን የሚያሳይ። ወር ሙሉ ካሜራውን እዚህ ጣሪያ ላይ አንድ ቦታ ተክሎ ከተማውን ሲያነሳ ከርሟል። በሞተበት ጠዋት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዲድ ላይ አስኪዶታል። ሐዲዱ ከጣሪያው ጠርዝ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ እንዳያጋድል ጭራው ላይ ብሎኬት ተጭኖበት ነበር። ድርቤ ብሎኬቱን ያገኘችው ግን እዚያ አልነበረም። ደረጃው አፍ ላይ፣ ሰው በእጁ እንዳስቀመጠው ቁጭ ብሏል።

«ሐዲዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር» አለ የሟቹ ጓደኛ ነመራ። «የጎረቤት ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር መንገዱን ይጋርድበት ነበር። ማታ ማታ ፎቶውን ለቤተሰቡ እያሳየ ያማርራል። ካሜራው ቀስ እያለ ታንከሩን አልፎ እንዲሄድ ብለን ነው።»

«ይህን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና የፎቁ ዘበኛ ኦቦ ሽብሩ። አብረን ነው ተሸክመን ያወጣነው። ለቤተሰቡ ሲያልቅ ላሳያቸው ብሎ ደብቋቸዋል።»

ሽብሩ ስምንት ልጅ ያሳደገ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። «ሁሌ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቁርስ እወጣለሁ» አለ። «ስመለስ መሬት ላይ አገኘሁት። በቀደም ግን ወንድሙ ሲቆጣው ሰምቻለሁ።»

ታላቅ ወንድሙ ያደታ ባጃጅ ነጂ ነው። እናት አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌንጮን ያሳደገው እሱ ነው።

«በምን ተቆጣኸው?»

«ኪራሙ ልሂድ አለ። የተወለድንበትን ቤት ፎቶ ላንሳው ብሎ። መንገዱ ሰላም አይደለም፤ ሬሳህን ከየት ላምጣ አልኩት።»

«ያን ዕለት ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«ኡኬ ከተማ። ሰው ጭኜ።»

በሦስተኛው ቀን ድርቤ አራቱንም ኬኔ ክፍል ሰብስባ የዚያን ጠዋት ፎቶዎች የጫነችበትን ላፕቶፕ ከፈተች።

«ራሱን ሊወረውር የወጣ ሰው ብሎኬት ተሸክሞ ደረጃ ጋ አያስቀምጥም» አለች። «ሌላ ሰው ነበር። አሁን እዩ።»

ጉሙ ተነሳ። ካሜራው ሲሄድ ታንከሩ በቀስታ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። ከጀርባው፣ መንገዱ ዳር፣ የቆመ ባጃጅ ብቅ አለ። ሸራው በአረንጓዴ ጨርቅ ተጥፏል።

«ይሄ የኔ ጃንጥላ ጨርቅ ነው» አለች ኬኔ። «ቀድጄ የጣፍኩት እኔ ነኝ።»

ድርቤ ባጃጁ የማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ይህን ባጃጅ እዚያ ያቆመው ሰው ታንከሩ እንደሚሸፍነው ያውቃል፤ ሌንጮ ሲያማርር ሰምቷል። ካሜራው በዚያ ቀን እንደሚንቀሳቀስ ግን አያውቅም። ነመራና ኦቦ ሽብሩ ያውቃሉ፤ ቢደበቁ እዚያ አይደበቁም። ከዚያ ስድስት መቶኛው ፎቶ ላይ ከተማው በአንድ ጊዜ ያጋድላል። ብሎኬቱ የተነሳው ያኔ ነው።»

ያደታ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ካሜራው እንዲሰበር ነበር» አለ። «ካሜራ ከሌለው ኪራሙ ምን ሊያደርግ ይሄዳል ብዬ። ዘበኛው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ሌንጮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ብሎኬቱን አንስቼ ወደ ደረጃው ዞርኩ። ካሜራውን ዘሎ ይይዛል ብዬ አላሰብኩም።»

«ገመዱን አላየህም?» አለ ነመራ።

«የምን ገመድ?»

ነመራ አለቀሰ። «ካሜራውን ከጣሪያው ብረት ጋር በገመድ አስሬው ነበር። አይወድቅም ነበር። ለሌንጮ ሳልነግረው ወረድኩ።»

ኬኔ ድርቤን አየቻት። «አልጣለኝም ማለት ነው?»

«አልጣለሽም፣ ልጄ።»

ኬኔ ሆዷን ይዛ ወደ ያደታ ዞረች።

«ካሜራውን ልትሰብር ለምን እንደሄድክ ይገባኛል። እኔም እንዳይሄድ ለምኜዋለሁ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ፍራሽ ላይ አጠገቤ ተቀምጠሃል። ልጁን በሆዴ ትቶ ሄደ እያልኩ ስረግመው ትሰማኝ ነበር።»

«እሰማሽ ነበር» አለ ያደታ።