ወንበሩ ባዶ እንዳይውል

የተጠባባቂ ጦር ጥሪ የመጣው ሠርጉ ሲቃረብ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ይጠብቀው ነበር። የእሱ ገቢ ግን ያለው እጁ ላይ ነው፤ እሱ ሲሄድ ገቢውም አብሮት ይሄዳል። ደንበኛ ደግሞ ሁለቴ ተዘግቶ ያገኘውን በር ሦስተኛ አያንኳኳም።

የእጮኛው አባት ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

«ልጁን አልጠላሁትም፤ ጨዋ ነው» አሏት ልጃቸውን። «ግን በጠሩት ቁጥር ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሲመለስ ሱቁ ካለ ሠርጉን እደግሳለሁ። ከሌለ ግን ልጄን ለችግር አልድርም።»

እሷ ከሱቁ ጎን የሴቶች ፀጉር ትሠራለች። ሊሰናበታት ሲመጣ መዳፏን ዘረጋች።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ጺም ልላጭ ነዋ!»

«አንቺ? የወንድ ፀጉር ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያንተን ስነካካ አይደል የከረምኩት?»

ሳቀ። ቁልፉን ሲሰጣት ግን ጣቶቿን ቶሎ አልለቀቀም።

የመጀመሪያው ሰሞን ጉድ ነበር። አንዱን መምህር ከጆሮው በላይ ደረጃ ሠርታበት ላከችው፤ ተማሪዎቹ ሲስቁበት ሰነበቱ። በሩን ዘግታ አለቀሰች። በማግሥቱ ግን ከፈተችው። ጠዋት የሴቶቹን፣ ከሰዓት የወንዶቹን እየሠራች እጇ ተፍታታ፤ ያው መምህር እንኳ ጓደኞቹን አስከትሎ ተመለሰ። የሁለቱም ሱቅ ኪራይ ከዚያው ወጣ። አባቷም «ልይ ብዬ ነው» እያሉ መጥተው ወረፋ መያዝ ጀመሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት የአባቷን ጺም እየላጨች ሳለ በሩ ተከፈተ።

«ወንድም፣ ወረፋ አለ!» አለ አንዱ።

ቀና ብላ በመስታወቱ አየችው። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ የሞላውን ቤት እያየ ቆሟል። እሱም አያት።

«ሱቄ ተዘግቶ ይጠብቀኛል ብዬ...» አለና ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

አባትየው ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ ዞሩ። «ቃሌ ቃል ነው፤ ሱቁ አለ። ነገ ደግሞ ቢጠሩትስ?»

«እኔ አለኋ፣ አባዬ! ከእንግዲህ ይህ ቤት በአንድ ሰው እጅ አይደለም የቆመው።»

«እንዲህ ከሆነማ ምን ታስጠብቁናላችሁ? ተጋቡ እንጂ!» አሉ አባትየው።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ ምላጩን ለእጮኛዋ አቀበለችው።

«ና፣ አንተ ጨርሳቸው፤ እኔማ እንባዬ አላሳይ አለኝ።»

አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ሰጡት።

«ቀስ በል ታዲያ» አሉት፤ «አማትህ ነኝ።»